ካቻቢቴና ኮረንቲ፦ የእጅ መሣሪያ ታሪክና የሠራተኛው ደኅንነት ከዴራ ሲታይ

መግቢያ

የሕንፃ ሥራ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ገጽ የሚይዙት አብያተ መንግሥት፣ ሐውልቶችና ድልድዮች ናቸው። ሕንፃውን ያቆመው እጅና በእጁ የነበረው መሣሪያ ግን እምብዛም አይወሱም። ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ወደ ሣጥኑ ይገባል፤ ሠራተኛውም ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። አበው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ሲሉ ከእጅ የማይበልጥ መሣሪያ ምን ይረባል ማለታቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው፤ ይኸውም ከእጅ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያለው መሣሪያ እጅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚከተል ነው።

የጽሑፉ መነሻ ዴራ ናት። የአርሲዋ ዴራ በዶዶታ ወረዳ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ መንገደኛ ከአዋሽ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ኢተያና ወደ አሰላ ደጋ ሲወጣ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጭቃ ቤት፣ የብሎኬት ቤትና ባለ መስተዋት ሕንፃ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የሀገራችንን የግንባታ ዘመናት ቅደም ተከተል ለማየት የፈለገ ሰው ይህን ዋና መንገድ አንድ ጊዜ በእግሩ ቢሄድ ይበቃዋል።

በሚከተሉት ገጾች ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኃይል ከክንድ ወደ ሽቦ በተዛወረ ጊዜ አደጋውም አብሮ ተዛወረ፤ ጥንቃቄያችን ግን በክንድ ዘመን ቀረ። ለዚህም ምሳሌ እንዲሆን የመረጥሁት የጂፕሰም ቦርድ ለማሰር የሚያገለግለውን የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ነው፤ ትንሽና ቀላል ስለሚመስል ማንም የማይፈራው መሣሪያ ነውና።

፩. ከልጥ እስከ ምስማር

በአርሲ ደጋም ሆነ በዶዶታ ወይና ደጋ ነባሩ የቤት አሠራር በመሠረቱ የማሰር ጥበብ ነው። ቋሚው እንጨት ይተከላል፤ ማገሩ በቋሚው ላይ ይጋደማል፤ ሁለቱ በልጥ ይታሰራሉ። ከዚያ በኋላ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይመረጋል። ቤቱን የሚያቆመው ጭቃው ይመስላል እንጂ ነገሩ ያለው በእስሩ ላይ ነው። ልጡ ከላላ ማገሩ ይንሸራተታል፤ ማገሩ ከተንሸራተተ ምርጊቱ ይሰነጠቃል።

በዚህ አሠራር የእስሩ ጥንካሬ ልክ የአሳሪው ክንድ ነበረ። ሰው ከጉልበቱ በላይ ማሰር አይችልም። ልጡ ሊበጠስ ሲል መዳፉ ያውቃል፤ ገና ሳይበጠስ ይለቃል። ስለዚህ መሣሪያውም፣ ኃይሉም፣ ማስጠንቀቂያውም በአንድ እጅ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ቆርቆሮና ምስማር በመጡ ጊዜ ግሡ ተለወጠ። መጋጠሚያው መታሰሩ ቀርቶ መመታት ጀመረ። ምስማር ፍጥነትን ጨመረ፤ አደጋም ጨመረ። ይሁን እንጂ የመዶሻ አደጋ በዓይን የሚታይ፣ ሲሰነዘር የሚታወቅና በጣት ላይ የሚያልቅ ነበረ። ጣቱን የመታ ለማጅ በማግሥቱ ምስማሩን እንዴት እንደሚይዝ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሥቃዩ ራሱ አስተማሪ ነበረና የተለየ ትምህርት አላስፈለገም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

፪. ካቻቢቴ

ሦስተኛው መጋጠሚያ ብሎን ነው። ከብሎኑም ጋር መፍቻው መጣ፤ ስሙንም ይዞ መጣ። በሥራ ቦታዎቻችን ዛሬም የሚነገሩት ብዙዎቹ የሙያ ቃላት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቦ፣ ኮረንቲና ሲሚንቶ ሳይቀሩ፣ የኢጣልያን ቋንቋ ትውልድ ናቸው። ከእነዚህም አብዛኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን በመንገድና በሕንፃ ሥራ፣ ከዚያም ወዲህ በጋራዥና በእንጨት ሥራ ቤቶች በኩል ተሠራጭተዋል። ካቻቢቴ የሚለው ቃል በመጣበት ቋንቋ ሲተነተን «ብሎን የሚነዳ» እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የእኛ ሠራተኛ ስሙን ከባዕድ ቢወስድም ግሡን አልወሰደም። ብሎንን «ነዳሁ» አላለም፤ «አሰርሁ» አለ እንጂ። ሲያወጣውም «ፈታሁ» አለ። ልጥንና ማገርን ያገናኘው ያው የጥንቱ ግሥ ብሎንና ብረትን ለማገናኘት ሳይለወጥ ተሸጋገረ። በእኔ አስተያየት ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በእጅ የሚዞር ካቻቢቴ በእርግጥም የማሰር ሥራ ነው። አንጓ በግማሽ ዙር ይዞራል፤ እጅ ይለቃል፤ እንደገና ይይዛል። ብሎኑ ሲጠብቅ መዳፍ ያውቃል። አንጓ በደከመ ጊዜ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው በቆመ ጊዜም አደጋው ይቆማል።

ዘመናዊ የሙያ ትምህርትም በመጀመሪያ የተዋቀረው በዚሁ የእጅ ዕውቀት ላይ ነበረ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1942 የተመሠረተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ስያሜው ራሱ በግእዝ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ–ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ለሀገሪቱ የሕንፃ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ከእነዚህ በር ያልደረሰው እጅግ የሚበዛው ሠራተኛ ደግሞ ከአናጺ አጠገብ ቆሞ፣ መሣሪያ እያቀበለ፣ ዓመታት ፈጅቶ ተማረ። በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጥንቃቄ ለብቻው የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም፤ በሥራው ውስጥ የተሠፋ ነበረ።

፫. ኮረንቲ

የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ሀገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የመብራት ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። ለአርሲ በር ለሆነው አካባቢ ግን ዋናው ክንውን እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው ይህ ግድብ 43.2 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ነበረው። ከእርሱም በታች በአዋሽ መልካሳ አካባቢ ሁለተኛው የአዋሽ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋዋት ይዘው ተከተሉ። እንግዲህ ከዴራ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ አዋሽን የሚሻገረው ወንዙ ወደ ኮረንቲ በሚለወጥበት አካባቢ ነው።

ኮረንቲ ከሌሎች ኃይሎች ሁሉ የሚለየው አይታይም፣ አይሰማም፣ አይሸትም፤ ሳይጠራም አይመጣም በመባሉ ነው። ሕዝቡ ግን ጠባዩን በአንድ ቃል ለይቶታል። በአማርኛ ኮረንቲ «መታው» ከምንለው ይልቅ «ያዘው» የምንለው ይበዛል። ይህ አነጋገር በሳይንስ ሚዛን ቢታይ ትክክለኛ ነው። በሀገራችን መስመር የሚሄደው ኮረንቲ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ የእጅን ጡንቻ ያለማቋረጥ ያኮማትረዋል። የሚጨብጡት ጡንቻዎች ከሚዘረጉት ስለሚበረቱ እጅ ይጨብጣል፤ ባለቤቱ ሊለቅ ቢፈልግም አይታዘዘውም።

በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚየል በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ ሰው ጨብጦ መልቀቅ የሚያቅተው የኮረንቲ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ለይተዋል። መጠኑ የሚጀምረው ከ10 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። ይህም አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ከሃያ አምስት እጅ አንዱን ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ በብዙ እጥፍ ሳይርቅ፣ በ50 ሚሊአምፔር ገደማ፣ የልብ አመታት ሊታወክ ይችላል። በ220 ቮልት መስመር ላይ ከእጅ ወደ እግር የሚያልፈው ኮረንቲ፣ የሰው አካል ተቃውሞ ከ1,000 እስከ 2,000 ኦም ቢሆን፣ ከ110 እስከ 220 ሚሊአምፔር ይደርሳል።

አሁን ይህን ከቤታችን ማቋረጫ ጋር እናስተያየው። የተለመደው ፊውዝ ወይም ብሬከር የሚቆርጠው 10 ወይም 16 አምፔር ካለፈ ነው። ይህም ሰውን ከሚገድለው መጠን በመቶ እጥፍ የሚቆጠር ብልጫ አለው። ስለዚህ ፊውዝ ሽቦውን ከመቃጠል ይጠብቃል እንጂ ሰውን ከመሞት አይጠብቅም። ዳልዚየል ይህን ክፍተት አይተው እ.ኤ.አ. በ1961 በሄደውና በተመለሰው ኮረንቲ መካከል ጥቂት ልዩነት ሲኖር ወዲያውኑ የሚቆርጥ ማቋረጫ ፈለሰፉ። ዛሬ በገበያ የሚገኘውና በ30 ሚሊአምፔር የሚሠራው የሰው መጠበቂያ ብሬከር የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው።

፬. ምላጭና ጀሶ

የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1889 በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ ለአርተር ጀምስ አርኖትና ለዊልያም ብሬይን ነው። በእጅ ሊያዝ የሚችለውን የሠሩት ደግሞ በ1895 በጀርመን በሽቱትጋርት ከተማ የፋይን ወንድማማቾች ናቸው። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ ግን የመጣው በ1917 ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር ድርጅት የሽጉጥ እጀታና ምላጭ ላለው መሰርሰሪያ የፈጠራ መብት አገኘ።

ይህ የቅርጽ ለውጥ ቀላል አይደለም። መሣሪያው በመጨበጥ የሚሠራ ሆነ፤ የሚቆመው ደግሞ እጅ ሲላላ ነው። እንግዲህ ኮረንቲ ሰውን «የሚይዘው» እጁን በማስጨበጥ ከሆነ፣ የያዘው ሰው ምላጩን ይበልጥ ይጫናል ማለት ነው። መሣሪያውን ለማቆም የሚያስፈልገውን አንድ እንቅስቃሴ አደጋው ራሱ ይከለክለዋል። ከልጥ እስከ ካቻቢቴ ድረስ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያገለገለው መዳፍ በዚህ ቦታ ከአገልግሎት ወጣ።

ወደ ሰሌዳው እንመለስ። እኛ ጀሶ የምንለው ማዕድን በሀገራችን በብዛት ይገኛል፤ የአባይ በረሃ ገደል በጎሐ ጽዮን አካባቢ የሚያሳየው ነጣ ያለ ድርብርብ ዐለት ምስክር ነው። ጀሶ በውስጡ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውኃ ይዟል። ሲሞቅ ውኃው ይለቀቃል፤ ዱቄቱ እንደገና በውኃ ሲለወስ ይጠነክራል። በአሜሪካ ኦገስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 ጀሶን በወረቀት መካከል አድርጎ ሰሌዳ የሚያወጣበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከዚህ የተወለደው ጂፕሰም ቦርድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው ተዳረሰ፤ በእኛም ከተሞች በቅርብ አሥርት ዓመታት በቢሮና በንግድ ቤት ኮርኒስና መከፋፈያ ግድግዳ ላይ የተለመደ ሆነ።

ሰሌዳው በመጀመሪያ በምስማር ይመታ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅና ሲሰበሰብ ግን ምስማሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የላሜራ ቋሚ በመጣ ጊዜም ምስማር ጨርሶ አልሆነም። ስለዚህ ብሎን ተተካ። አንድ 1.2 ሜትር በ2.4 ሜትር የሆነና 12.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ብዙ ብሎኖች ይፈልጋል። በኮርኒስ ላይ በየ30 ሳንቲሜትሩ፣ በግድግዳ ላይ በየ40 ሳንቲሜትሩ መታሰሩ የተለመደ ልክ ነው። ይህን ሁሉ በአንጓ ማሰር ስለሚያደክም ልዩ የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ተሠራ።

የዚህ መሣሪያ ብልሃት ያለው በፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 4,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይዞራል፤ ጫፉ ግን የሚዞረው ሠራተኛው ብሎኑን በሰሌዳው ላይ ሲገፋው ብቻ ነው። የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ ጥቂት እንደ ገባ የመሣሪያው አፍንጫ ሰሌዳውን ይነካል፤ ግፊቱ ከብሎኑ ላይ ይነሣል፤ ፍሪሲዮኑም ይለያያል። እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ ሳይቀደድ ብሎኑ በልኩ ይቆማል። መሐንዲሶቹ ከእጅ የጠፋውን የማወቅ ችሎታ በብረት መልሰው ሰጥተውታል ማለት ይቻላል። የመለሱት ግን ግማሹን ብቻ ነው። ፍሪሲዮን ሰሌዳውን ይጠብቃል፤ ሠራተኛውን አይጠብቅም። ሁለተኛው ግማሽ የሚገኘው ከመሣሪያው ውጭ፣ በመሰኪያው፣ በሽቦው፣ በመሰላሉና በአሠሪው ዘንድ ነው።

፭. በዴራ ያየሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዴራ የአንድ ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ቤት የውስጥ ማጠናቀቂያ ሥራ እንድቆጣጠር ተጠርቼ ነበር። የሥራ ተቋራጩንም ሆነ የባለ ንብረቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ ጉድለቱ ከእኔ ይጀምራልና።

ጠዋት የኮርኒሱን የላሜራ አውታር መረመርሁ። የብሎኑን ርቀት በሜትር ለካሁ፤ 30 ሳንቲሜትር ነበረ። በቅጹ ላይ ፈረምሁ። ከቀትር በኋላ ስመለስ ሃያ ዓመት የማይሞላው ወጣት በበርሜል ላይ በተጋደመ ጣውላ ቆሞ ያስር ነበር። በእጁ የነበረው የጂፕሰም ካቻቢቴ አልነበረም፤ ብረት ገላ ያለው አሮጌ ድሪል ነበረ። የድሪሉ መሰኪያ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለቱ ሽቦዎች ተልጠው በማራዘሚያው ሶኬት ቀዳዳ ውስጥ በእንጨት ስንጣሪ ተወትፈዋል። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ፣ «ትርፍ» ተብሎ ተቆርጧል። ወለሉ ጀሶ ከተለወሰበት ውኃ ገና አልደረቀም ነበር።

ወጣቱ በግራ እጁ የላሜራውን አውታር ይዞ ነበር። ኮረንቲ ሲይዘው አልጮኸም። ረዳቱ ብሎኑ ጠንክሮበት በጉልበቱ የሚገፋ መስሎት ዝም ብሎ ያየው ነበር። ነገሩ የገባው ካቦው ነው፤ ሮጦ ማራዘሚያውን ከግድግዳው ነቀለ። ወጣቱ ከበርሜሉ ወደቀና አንጓው ተሰበረ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈ። ዓይኑን እንደ ገለጠ የጠየቀው «ድሪሉ ተሰበረ ወይ?» ብሎ ነው። ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ፈርቶ ነበር።

ማታ የፈረምሁበትን ቅጽ አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። የብሎን ርቀት፣ የሰሌዳ ውፍረት፣ የአውታር ደረጃ፣ ሁሉም በየመስመሩ ተጽፏል። ስለ ሶኬት፣ ስለ መሬት ሽቦ፣ ስለ መሰላል የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የሚጻፍበትም መስመር አልነበረም።

ከዚህ በላይ የመዶሻውን ለማጅ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ጣቱን የመታ ሰው በማግሥቱ ተምሮ ይመጣል። ኮረንቲ የያዘው ሰው ግን ወይ አይተርፍም፣ ወይ ምን እንደ ያዘው ሳያውቅ ይተርፋል። ይኸው ወጣት የነገረኝ «ክፉ ዕድል» እንደ ገጠመው ነው። ሥቃይ በዚህ መሣሪያ ዘንድ አስተማሪ መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሌላ አስተማሪ ያስፈልጋል።

፮. የአጠቃቀም ሥርዓት

ባልደረቦቼ በየሥራ ቦታቸው ሊያስፈጽሙት የሚችሉትን ሥርዓት ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ እያወጣሁ ባጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሣሪያው ከመሰካቱ በፊት ገላው ላይ ያለው የስም ሰሌዳ ይነበብ። በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ የተሣለበት መሣሪያ ድርብ መሸፈኛ ያለው ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ቢኖረው ጉድለት አይደለም። ይህ ምልክት የሌለውና ብረት ገላ ያለው መሣሪያ ግን ሦስተኛውን የመሬት ሽቦ ይፈልጋል፤ ሽቦውም ከሶኬቱ አልፎ በእርግጥ ከመሬት ጋር የተገናኘ መሆን አለበት። ድርብ መሸፈኛም ቢሆን ውኃ ከገባበት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ መሰኪያ የሌለው መሣሪያ አይሠራበት። ከሥራ ቦታው ዋና ማራዘሚያ በፊትም በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የሰው መጠበቂያ ብሬከር ይግባ፤ በላዩ ባለው የመሞከሪያ ቁልፍም በየጊዜው ይሞከር። ማራዘሚያው ተጠቅልሎ ሳለ ብዙ ኃይል ከተሸከመ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ፤ ከውኃና ከላሜራ ስለት ይራቅ።

ሦስተኛ፣ ብሎን ከመግባቱ በፊት ከሰሌዳው ጀርባ ምን እንዳለ ይታወቅ። የኤሌክትሪክ መስመር ያለፈበት ቦታ ሰሌዳው ከመሸፈኑ በፊት በቋሚዎቹ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ሥራው በሚሠራበት ጊዜም መስመሩ ይጥፋ። በባትሪ የሚሠራ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ የወጣ ሊመስለው ይችላል። ባትሪው 18 ቮልት ቢሆንም ከግድግዳው ጀርባ ያለው 220 ቮልት አይለወጥም፤ ብሎኑ የተሸፈነ ሽቦ ከበሳ ኮረንቲው በብረቱ ጫፍ በኩል ወደ መሣሪያውና ወደ እጅ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው በተሸፈነ እጀታው ብቻ ይያዝ።

አራተኛ፣ ጫፍ ሲለወጥም ሆነ የጥልቀቱ ልክ ሲስተካከል መሣሪያው ይነቀል፤ ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪው ይውጣ። ምላጩን ተጭኖ የሚያስቀረው መቆለፊያ ቁልፍ ለሜዳ ሥራ ቢመችም በመሰላል ላይ ላለ ሰው አይፈቀድ፤ ሲወድቅ መሣሪያው አብሮት እየዞረ ይወድቃልና።

አምስተኛ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ማተብና የተንዘረፈፈ ጓንት ከሚዞር ጫፍ ይራቁ፤ ረዥም ጠጉር ይጠቅለል። ከላይ ወደ ታች የሚወድቀው የጀሶ ብናኝና የላሜራ ፍቅፋቂ ዓይን ስለሚያበላሽ መነጽር፣ ሰሌዳ ሲቆረጥና ሲፋቅም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረግ።

ስድስተኛ፣ ለኮርኒስ ሥራ በርሜልና ጣውላ መቆሚያ አይደሉም። አንድ ሙሉ ሰሌዳ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ሰው በራሱ ደግፎ በሌላ እጁ ሊያስረው አይገባም። ሁለት ሰው ወይም ድጋፍ፣ ደግሞም ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ መቆሚያ ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፣ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ መንካት አይገባም። መጀመሪያ መስመሩ ይቋረጥ፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦው ይራቅ። የማይተነፍስ ከሆነ ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ደረቱን በመጫን ልቡ እንዲረዳ ይደረግ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በየሥራ ቦታው መኖር አለበት።

፯. ሕግና ልማድ

ሀገራችን የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ሕጎቻችንም በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. በተከታታይ ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን፣ በአንቀጽ 93 የሠራተኛውን የደኅንነት ግዴታ ይደነግጋል። አሠሪው ስለ አደጋው ማስተማርና የመጠበቂያ ዕቃ መስጠት፣ ሠራተኛውም የተሰጠውን በአግባቡ መጠቀም አለበት። በአንቀጽ 96ም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊነት እንዳለበት ተመልክቷል። እንግዲህ የጎደለን ድንጋጌ አይደለም።

ችግሩ ያለው ከድንጋጌው እስከ ሶኬቱ ባለው ርቀት ላይ ነው። ሕንፃው የአንዱ፣ ውሉ የሌላው፣ ድሪሉ የሦስተኛው፣ በቀን ሂሳብ የተቀጠረው ወጣት ደግሞ የማንም ሳይሆን ሲቀር፣ «አሠሪው» የሚለው ቃል በማን ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ያስቸግራል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስሙና ፊርማው በወረቀት ላይ የሚገኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ተቆጣጣሪው ባለሙያ ነው።

አሰላ በዚህ ረገድ የምታስተምረን ነገር አላት። በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ በበሬ የሚጎተቱ ማረሻዎችንና ጋሪዎችን በአሰላ ይሞክርና ያሻሽል ነበር። ገበሬው እንዲቀበለው የታሰበ መሣሪያ በባለሙያ ፊት ተፈትኖ፣ አሠራሩ በሠርቶ ማሳያ ይታይ ነበር። የድርጅቱ ሥራ በሌላ በኩል ብዙ ቢተችም ይህ ልማድ መልካም ነበረ። ጸጥ ብሎ ለሚሄድ ጋሪ ይህን ያህል ከተደከመ፣ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ለሚዞርና 220 ቮልት ለተሸከመ መሣሪያ ምንም አለመደረጉ ያስገርማል። የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ወደ ዴራ የደረሰው በካርቶን ታሽጎ፣ ወጣቱ በማያነበው ቋንቋ የታተመ መመሪያ ይዞ ነው። መመሪያው ከካርቶኑ ጋር ተጣለ፤ መሣሪያው ቀረ።

ማጠቃለያ

ከልጥ እስከ ኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ድረስ ያለውን መንገድ ስንመለከት ሥራው በእያንዳንዱ ደረጃ ፈጥኗል። በዚያው ልክ ማስጠንቀቂያው ከሠራተኛው መዳፍ ርቆ ሄዷል። ቋንቋችን ብሎን «አሰርሁ» ማለቱን ባይተውም ዛሬ የሚያስረው ክንዱ አይደለም፤ ከአዋሽና ከሌሎችም ወንዞች የሚመጣው ኃይል ነው። ያንን ኃይል በልኩ የሚያቆመው መዳፍ ስለ ሌለ፣ የመዳፉን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በማጠናቀቂያ ሥራ መቆጣጠሪያ ቅጾቻችን ላይ፣ የብሎን ርቀት ከሚጻፍበት መስመር በላይ፣ አራት መስመሮች ይጨመሩ፦ የሰው መጠበቂያ ብሬከሩ ተሞክሯል ወይ? መሰኪያና የመሬት ሽቦ ተሟልተዋል ወይ? መቆሚያው ጠንካራ ነው ወይ? መሣሪያውን የያዘው ሰው አጠቃቀሙን ማን አሳየው? ለአራቱም መልስ ሳይጻፍ የሚፈርም ባለሙያ አይኑር።

የዴራው ወጣት አንጓው ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ባለፈው ጊዜ ሳገኘው ከእርሱ በዕድሜ የሚያንስ ለማጅ አጠገቡ ነበረ። ድሪሉን ከማቀበሉ በፊት መሰኪያውን አገላብጦ አሳየው። ይህ ትምህርት በአጥንት ስብራት የተገኘ ነው፤ ለሚቀጥለው ለማጅ ግን በቅጻችን ላይ በሚጨመሩት አራት መስመሮች ሊደርሰው ይችላል።